በግቢያችን የበቀለው መጤ እሾህ፤ አለያየቱና አነቃቀሉ

በወላይታ ሶዶ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ቁጥራችን ጥቂት አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባና የጊፋታ በዓል ሲቃረብ በየቤቱ ግድግዳው ይመረጋል፣ ደጁ ይጠረጋል፣ አጥሩም ይታደሳል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ባለቤት «ልጆች፣ ያንን እሾህ እንኳ አንሡልን» ብለው ገጀራ ሲሰጡን ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ዓይነት ሥራ ነው። የሚወጋውን ሁሉ ሳንለይ ከመሬት በላይ እንቆርጣለን፤ በአንድ ጥግ ከምረን እናቃጥላለን፤ ከዚያም እጃችንን ታጥበን ወደ ጥናታችን እንገባለን። ኅዳር ሲሆን የተቆረጠው ጉቶ በአንዱ ግንድ ፈንታ አምስትና ስድስት ቀንበጥ አውጥቶ እናገኘዋለን።

ምክንያቱ የጉልበት ማነስ አይደለም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጥያቄ ስላልተጠየቀ ነው፤ ይኸውም፣ ይህ እሾህ የትኛው ነው? ደግሞስ የሚያቆጠቁጠው ከየትኛው አካሉ ነው? የእርሻ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን ይህን በክፍላቸው ይማሩታል። የሕግ፣ የሒሳብና የቋንቋ ተማሪዎች የሆንነው ግን ገጀራውን ከመያዛችን በፊት ጥቂት ብናውቅ ይጠቅመናል በማለት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

ነገሩን እንደ ተራ ነገር የሚቈጥር ቢኖር የመሬቱን ማነስ ይመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 ነበር። የዞኑ ስፋት 4,208 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ያን ጊዜ ከ350 ሰው በላይ ይኖር ነበር ማለት ነው። ቆላው ሰው የሳሳበት በመሆኑ በዳሞት ተራራ ዙሪያ ያለው ደጋና ወይና ደጋ ከዚህም እጅግ የተጨናነቀ ነው። እንደሚታወቀው የወላይታ ገበሬ ሁለት ዓይነት መሬት አለው። ከቤቱ ጀርባና ጎን ያለው፣ በፍግና በአመድ የሚዳብረው ዳርኳ ሲባል፣ ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ደግሞ ሾቃ ይባላል። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑና ጎደሬው የሚገኘው በዳርኳው ላይ ነው። ቤተ ሰቡን በክፉ ቀን የሚያወጣው ይህ ትንሽ መሬት ነው። መጤው እሾህም የሚወደው ይህንኑ ነው፤ አፈሩ ለም ነው፣ አጥሩ ቅርብ ነው፣ ወፎችም አይጠፉበትም። አንድ የተንዠረገገ ቁጥቋጦ የሚይዘው ቦታ አንድ እንሰት የሚቆምበት ቦታ ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሚወጋ ሁሉ ጠላት አይደለም። አጋም፣ ቀጋ፣ ቀንጥፋ፣ ኮሸሽላ፣ የግራር ዓይነቶች፣ እነዚህ ሁሉ እሾህ አላቸው፤ ሁሉም ግን የአገር ልጆች ናቸው። የአጋምን ፍሬ ያልበላ የገጠር ልጅ አይገኝም። ከሁሉም ይልቅ በወላይታ በአጥርና በማሳ ዳር የሚታየው ኮርች ሊታዘንለት የሚገባ ነው። ግንዱ እሾሃም ነው፤ ስለዚህ ያላወቀ ተማሪ ገጀራውን ቶሎ ያነሣበታል። ነገር ግን ኮርች ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጅን በሥሩ አማካይነት ወደ አፈር የሚያስገባ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ተቈርጦ ማሳ ላይ ሲበተን እንደ ማዳበሪያ ያገለግላል፤ ከኮርች ዓይነቶችም አንዱ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይገኝ ነው። ኮርች ቈርጦ ላንታናን ማስቀረት ዘመድን አባርሮ ቀማኛን ማሳደር ይሆናል።

እንግዲህ መጤ የምንለው ከሌላ አህጉር በሰው እጅ የመጣውን፣ መጥቶም ሳይተከል በራሱ የሚዛመተውን ነው። የሚዛመትበትም ምክንያት ምስጢር የለውም። በትውልድ አገሩ ቅጠሉን የሚበላ ትል፣ ዘሩን የሚበሳ ነቀዝ፣ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ ነበረው። ወደ አዲሱ አገር ሲመጣ ዘሩ ብቻ መጣ፤ ጠላቶቹ በዚያው ቀሩ። የአገሩ ተክል ግማሽ ጉልበቱን ከጠላቱ ጋር ሲታገል መጤው ጉልበቱን ሁሉ ለማደግና ለማፍራት ያውለዋል።

በግቢ ውስጥ ከምናገኛቸው መጤ እሾሆች ዋናው የወፍ ቆሎ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ላንታና ካማራ ይባላል። ስለዚህ ተክል ዘርዘር አድርገን እንናገራለን፤ ሌሎቹን ግን አለፍ አለፍ እያልን እንጠቅሳለን። የወፍ ቆሎን ብዙ ሰው አበባ ነው ብሎ ያውቀዋል፤ በእርግጥም አበባው ያማረ ነው። ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው አንድ ክብ ጕብጕብ ይሠራሉ። በዚያው ጕብጕብ ላይ ከመካከል ያሉት ቢጫ፣ ከዳር ያሉት ሮዝ ወይም ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆነው ይታያሉ። ሁለት ዓይነት አበባ ሆኖ አይደለም። አበባው ገና ሲፈነዳ ቢጫ ነው፤ ቢራቢሮ ጎብኝቶት ከሄደ በኋላ ቀለሙን ይለውጣል። ቢራቢሮዎችም ቢጫውን እየመረጡ ስለሚያርፉ ሥራው ያለ ብክነት ይሄድለታል።

አበባ በሌለበት ጊዜ ግን መለያው ሦስት ነው። መጀመሪያ ለጋውን ግንድ በሁለት ጣት ይዞ ማሽከርከር ነው፤ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃል። በማዕዘኖቹም ላይ ወደ ታች የታጠፉ አጫጭር እሾሆች አሉ፤ እጅ ሲገባ ዝም ይላሉ፣ ሲወጣ ይይዛሉ። ሁለተኛ፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይበቅላሉ፤ ጫፋቸው እንደ መጋዝ የተነቀሰ፣ ፊታቸው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ሦስተኛ፣ ቅጠሉ በጣት ሲታሸ ኀይለኛ ሽታ ይሰጣል። አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው በጨለማ እንኳ አይሳሳትም። ፍሬው በመጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ በኋላ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይለወጣል፤ ዘለላው ትንሽ እንጆሪ ይመስላል። ወፎች ለቅመው በየዛፉ ላይ ያርፋሉ፤ ዘሩም ከኵሳቸው ጋር ይወርዳል። የአማርኛ ስሙ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ይህ ተክል የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሆላንዳውያን ወደ አውሮፓ ወስደው በአትክልት ቦታ ተከሉት፤ ከዚያ አትክልተኞቹ እያዳቀሉ ብዙ ዓይነት ቀለም ያለው አበባ አወጡ፤ ቅኝ ገዥዎችም በየሄዱበት ይዘውት ሄዱ። በሕንድ፣ በአውስትራሊያ፣ በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ ጫካውንና ግጦሹን ወርሷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ የከፉ ናቸው ብሎ በዘረዘራቸው 100 መጤ ፍጥረታት መካከል አንዱ ላንታና ነው። በአገራችንም በአበባነትና በአጥርነት ተተክሎ ከአጥሩ ወጥቶ ሲሄድ በብዙ ቦታ ታይቷል። የሚያሳዝነው ማንም በክፋት አላመጣውም። ሰው የሚወደውንና የሚያምረውን ነው ይዞ የሚጓዘው።

«እንግዲያውስ ጠላቱን ትል ከአገሩ ለምን አናመጣለትም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ደኅና ጥያቄ ነው፤ ታስቦበታልም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 በሃዋይ ደሴቶች ላንታናን እንዲያጠፉ ከሜክሲኮ ልዩ ልዩ ነፍሳት መጥተው ተለቀቁ። በአንዳንድ ቦታ ጠቀሙ፤ በሌላው ግን አልበቁም። ምክንያቱም ዛሬ በዓለም የተበተነው ላንታና በአትክልተኞች እጅ የተዳቀለ ስለሆነ አንዱ ትል የሚወደውን ዓይነት ሌላው ዓይነት አይመስለውም። በአውስትራሊያ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። እዚያ ከ24 ሚሊዮን ሔክታር በላይ መሬት የወረሰውን የባሕር ቁልቋል ለማጥፋት በ1925 ከአርጀንቲና አንዲት የእሳት ራት መጣች፤ ትሏም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁልቋሉን አብዛኛውን በልታ ጨረሰችው። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ቡናርጋ በተባለ መንደር በስሟ የመታሰቢያ አዳራሽ ሠርተውላታል። ለእሳት ራት አዳራሽ መሥራት ለእኛ ሊያስቀን ይችላል፤ መሬቱን መልሶ ያገኘ ገበሬ ግን አይስቅም። እንዲህም ሆኖ በእኛው አገር የተደረገውን መርሳት አይገባም። በ1990ዎቹ ኮቺኒል የተባለ ለቀይ ቀለም የሚፈለግ ነፍሳት በትግራይ በበለስ ላይ እንዲረባ መጥቶ ነበር፤ ኋላ ከቁጥጥር ወጥቶ ሕዝቡ ክረምቱን የሚሻገርበትን በለስ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ትግራይ አጠፋው። አንዱ አገር የሚያወድሰው ነገር ሌላው አገር የሚያለቅስበት ሊሆን ስለሚችል ይህ ሥራ ለምርምር ተቋማት እንጂ ለግለሰብ የሚተው አይደለም። ለእኛ ያለን ዶማ ነው።

ወደ ዶማው ከመሄዳችን በፊት ስለ መርዙ እንናገር፤ አደጋው ያለው በመውጋቱ ብቻ አይደለምና። የላንታና ቅጠል ላንታዲን የሚባል የጉበት መርዝ አለው። ከብት ሣር ካለው አይነካውም፤ ሽታውንም ይጠላል። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ግን፣ በተለይም ላሚቱ ከአጥሩ አጠገብ ታስራ ስትውል፣ ርሃቡ ሽታውን ያስረሳታል። መርዙን የበላች ላም መብላት ታቆማለች፣ ሆዷ ይደርቃል፣ የዐይኗ ነጭ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጉበቷ ከታወከ በኋላ ፀሐይ ራሷ ትጎዳታለች። ጠጕሯ ነጭ የሆነበት ቆዳና አፍንጫዋ ይቆስላል፣ ይላጣል፤ ስለዚህ ጥላ ፍለጋ ትሸሻለች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የቆዳ በሽታ መስሎት ቅቤ ይቀባታል። የሚገባው ግን ወዲያውኑ ወደ ጥላ አስገብቶ፣ ከላንታናው አርቆ፣ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። በመዘግየት የሚሞት ከብት አለ። ተቈርጦ የደረቀው ቅጠልም መርዝነቱ አይለቀውም። ለሕፃናት ደግሞ አረንጓዴው ፍሬ አደገኛ ነው። የበሰለውን በልተን ምንም አልሆንንም የሚሉ ሰዎች ቢኖሩም ከሕፃን እጅ ማራቁ ይሻላል።

ይህንኑ ባለፈው ዓመት ለተከራየንባቸው ለአንዲት እናት ስንነግራቸው የመለሱልን መልስ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል።

«እማማ፣ ይህ አጥር ለላሚቱ መርዝ ነው፤ እንንቀለው?» ብንላቸው፣

«ልጆቼ፣ እሱስ ይሁን። አጥሩ ከተነቀለ ግን ማታ ጅብ ይገባል። ጅብ ከበላት በኋላ ከመርዝ መዳኗ ምን ሊረባኝ ነው?» አሉ።

ላሚቱ የእሳቸው ብቻ አልነበረችም፤ ወተቱን እየጠጡ ጥጃውን ከባለቤቱ ጋር የሚካፈሉባት የአደራ ከብት ነበረች። ብትሞት ዕዳው ከእሳቸው ራስ አይወርድም። እኛ በመጽሐፍ ያየነውን ይዘን ስንቸኩል እሳቸው የሌሊቱን ነገር አስበዋል። ላንታና በብዙ ቤት ያለው ሰው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም፤ ያለ ገንዘብ የሚገኝ ጥሩ አጥር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ምትኩን ሳያዘጋጁ ንቀሉ ብሎ መምከር ምክር አይባልም።

ያደረግነው እንዲህ ነው። አጥሩን በአራት ከፈልነው። የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ሲጀምር ከላንታናው በስተውስጥ አንድ እርምጃ ያህል ገባ ብለን የኮርችና የሰንሰል ቁራጮች ተከልን፤ ሁለቱም ከቅርንጫፍ ይጸድቃሉ። የላንታናውን አንድ አራተኛ ብቻ ነቀልን። በተነቀለው ቦታ ላይ እስኪጠና ድረስ የደረቀውንና ቅጠሉ የረገፈውን የራሱን የላንታናውን ቅርንጫፍ በካስማ መካከል ደርድረን የሞተ አጥር ሠራን። የእሾሁ ጥቅም ቀረ፣ ሕይወቱ ጠፋ ማለት ነው። የቀረው ሦስት አራተኛ በየወቅቱ ተራውን ይጠብቃል። ላሚቱም የምትታሰርበት ካስማ ወደ ቤቱ ሌላ ጎን ተዛወረ፤ ይህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ሥራ ስለሆነ ማንም ቢሆን ዛሬውኑ ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ወደ አነቃቀሉ። ለሥራው ወፍራም ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ፣ ቦቲ ጫማ፣ ማጭድ ወይም ገጀራና ዶማ ያስፈልጋሉ። ጓንት ከሌለ ጆንያ በእጅ ላይ መጠቅለል ይቻላል። ጊዜው ሲመረጥ ሁለት ነገር መመልከት ይገባል፤ አፈሩ በዝናብ የረጠበ፣ ፍሬው ግን ገና ያልጠቈረ መሆን አለበት። በደረቅ አፈር ሥሩ ይበጠሳል፤ በፍሬ ጊዜ የተነቀለ እንደ ሆነ ደግሞ ነቃዩ ራሱ ዘሪ ይሆናል። ፍሬ የያዘ ቢሆንና መጠበቅ ባይቻል አስቀድሞ ዘለላውን ወደ ጆንያ ለቅሞ ማስገባት ነው።

መጀመሪያ ዙሪያውን ያሉት ቅርንጫፎች ይቈረጣሉ። ዋናው ግንድ ግን ከሥሩ አይቈረጥም፤ አንድ ክንድ ያህል እንደ እጀታ ይተዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉቶውን ከመሬት እኩል ካደረገው በኋላ የሚይዘው ነገር ያጣል። ቀጥሎ በዙሪያው በዶማ ይቈፈራል። ላንታና በብርቱ የሚያቆጠቁጠው ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት፣ ልክ ከአፈሩ በታች ካለው እብጠት ላይ ነው። የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በሕንድ ጫካዎች ውስጥ ያስተማሩት ዘዴ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ዋናውን ሥር ከዚያ እብጠት ዝቅ ብሎ፣ ከአፈሩ በታች አራት ጣት ያህል ወርዶ መቍረጥ፤ ከዚያም ጉቶውን አንሥቶ ሥሩን ወደ ሰማይ ገልብጦ ማስቀመጥ። ከታች የቀረው ቀጭን ሥር አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ሁሉንም ሥር እስከ ጥልቁ መከተል ጉልበት መጨረስ ብቻ ሳይሆን አፈሩን ያለ ልክ ስለሚያገላብጥ የተኛውን ዘር ይቀሰቅሳል። ጎንበስ ብለው መሬት የነኩ ቅርንጫፎች ግን መታየት አለባቸው፤ ከነኩበት ቦታ የራሳቸውን ሥር ያወጣሉና እነርሱም እንደ ሌላ ተክል ይነቀላሉ።

የተነቀለውን በእርጥብ መሬት ላይ ጥሎ መሄድ አይገባም፤ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ከመሬት አንሥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ፍሬና ቅጠሉ ተለይቶ ከደረቀ በኋላ ይቃጠል፤ ነገር ግን ከሣር ክዳን ቤትና ከእንሰቱ ርቆ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ውኃ በባልዲ ተይዞ። ወደ ፍግ ጕድጓድ መጨመር ዘሩን በራስ እጅ ወደ ዳርኳው መውሰድ ነው። በቁሙ ማቃጠልም ከንቱ ነው፤ ላዩ ይነዳል፣ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለ አረም መድኀኒት ብዙ አልናገርም። በትንሽ ግቢ ውስጥ፣ እንሰትና ጎመን በአጠገቡ እያለ፣ መርጨት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

ከተነቀለ በኋላ ያለው ሥራ ከነቀላው ይረዝማል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ስለሚችል በየዝናቡ መጀመሪያ ግቢውን መዞር ያስፈልጋል። የት እንደሚፈለግም ወፎች ይነግሩናል። ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ ሥር፣ የመብራት ሽቦ ሥር፣ የአጥር እንጨት ሥር ነው። የአንድ ጣት ርዝመት ያላት ችግኝ በሁለት ጣት ትነቀላለች፤ በዓመቱ ዶማ ትጠይቃለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሬቱን ባዶ አለማስቀመጥ ነው። ላንታና ጥላን አይወድም፤ የሚገባው ወደ ተራቆተ አፈር ነው። በወላይታ በየቤቱ ያለው ስኳር ድንች ሐረጉን ዘርግቶ መሬቱን ቶሎ ስለሚሸፍን ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ዳገት ከሆነ ደግሞ ደሾ ሣር ይተከል። አፈሩን ይይዛል፤ ለላሚቱም መኖ ይሆናል፤ መኖ ያላት ላም ደግሞ የወፍ ቆሎ አትቀምስም።

ሌሎቹን እሾሆች ባጭሩ እንለፋቸው። ቢጫ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ እንደ ኮሸሽላ እሾሃም ሆኖ በነጭ መስመር የተዥጐረጐረ፣ ሲቈረጥ ቢጫ ፈሳሽ የሚያወጣ ተክል በመንገድ ዳር ይታያል። ይህ አርጌሞኔ ነው፤ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። የአንድ ወቅት ተክል ስለሆነ አበባ ሳያወጣ በሥሩ መንቀል ይበቃዋል። ዘሩ ጥቁርና ደቃቅ ሆኖ ሰናፍጭ ይመስላል፤ መርዝም ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 በዴልሂ ከተማ ከሰናፍጭ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ሰው በእብጠት በሽታ ታሟል፣ ሞቷልም። ስለዚህ በጎመን ዘር ማሳ ውስጥ እንዳይገኝ መጠንቀቅ ነው። በልብስና በከብት ጭራ ላይ የሚጣበቀው ዛንቲየም ደግሞ በእያንዳንዱ እሾሃም ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር አለው፤ አንዱ በመጀመሪያው ዝናብ ሲበቅል ሁለተኛው ለሌላ ጊዜ ይቆያል። አንድ ጊዜ ነቅዬ ጨረስሁ የሚል ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ገና የበቀለው ችግኙም ለከብት መርዝ ነው። አስተናግር የግንድ እሾህ ባይኖረውም ፍሬው እሾሃም እንቍላል ይመስላል፤ ልጆች እንዳይጫወቱበት ቶሎ ይነቀል፤ የነካ እጅም ይታጠብ። የባሕር ቁልቋል በአጥር ላይ ካለ ተቈራርጦ አይጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ከነካ ይጸድቃል። ተሰብስቦ በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበራል።

ወደ ቆላው የሚወርዱ ጓደኞቻችን ደግሞ በጉቶ ነገር ላይ ሌላ ትምህርት ያገኛሉ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ በሁምቦ ወረዳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሔክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ እንደገና ደን ሆኗል። አብዛኛው ችግኝ ተተክሎ አይደለም። ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ ያለቀው የአገር ዛፍ ጉቶው ከመሬት በታች በሕይወት ስለነበረ ከብት ሲከለከልለትና ቀንበጡ ሲመለመልለት ራሱ ተነሣ። እንግዲህ ላንታናን አላጠፋ ያለን ያው የማቆጥቆጥ ጠባይ በሁምቦ ተራራውን መለሰው። ጉቶ ሁሉ ይነቀል ወይም ጉቶ ሁሉ ይዳን ማለት አይቻልም፤ የማን ጉቶ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአፋር የሆነውን ግን ለማስጠንቀቂያ እንጥቀሰው። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው ጥላ እንዲሰጥና አፈር እንዲይዝ ተብሎ ነበር። አፋሮች ደርጊ ሐራ፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው፣ ይሉታል። ከብቶች ጣፋጩን ፍሬ እየበሉ ዘሩን በፋንድያቸው በተኑት፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሔክታር በላይ ይዟል። በብላቴ ወንዝና በአባያ ሐይቅ ዙሪያ ያለው ቆላችን አየሩ እንዲህ ላለው ተክል የሚመች ስለሆነ፣ ከአዋሽ የሚመጣ ሰው ለጥላ ብሎ ዘሩን እንዳይዝ መንገር ከወዲሁ የሚገባ ነው።

የመጨረሻው ነገር የጎረቤት ጉዳይ ነው። አጥር ሁለት ባለቤት አለው። የእኛን ወገን አጽድተን የጎረቤቱ ቢቀር ወፎቹ ድንበር ስለማያውቁ በዓመቱ ችግኙ ተመልሶ ይመጣል። ጎረቤትን ሳይጠይቁ በድንበር ላይ ገጀራ ማንሣት ደግሞ ከአረሙ የባሰ ጠብ ያበቅላል፤ በዚህ አገር በአንድ ስንዝር ድንበር የተካሰሰ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በሽማግሌ ፊት ወይም በቡና ላይ ተነጋግሮ፣ ከተቻለም ሁለቱ ቤት ደቦ ጠርቶ በአንድ ቀን መሥራት ይሻላል። ስሙን የማናውቀው እሾህ ካጋጠመን አበባና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቈርጦ በጋዜጣ መካከል አድርቆ በዩኒቨርሲቲያችን ለእርሻ ትምህርት መምህራን ማሳየት ነው፤ ቅጠል ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ትክክለኛ መልስ አያገኝም። የመጀመሪያው ነቀላ በመስከረም ከሆነ ሁለተኛው ቅኝት በኅዳር፣ ሦስተኛው በመጋቢት ዝናብ ማግስት ይሁን። ቤት የምንለቅ ተማሪዎችም ለሚተካን ተከራይ የተነቀለው ጎን የትኛው እንደ ሆነ፣ ያልተነቀለውም የትኛው እንደ ሆነ አሳይተነው እንውጣ።